ብርቅዬ የጥንት ሽጉጦችን ማወቅና መሰብሰብ፤ ብረት ስለ ዕድሜው የሚሰጠው ምስክርነት

በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትልልቅ ሽጉጦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ርዝመታቸው፣ ክብደታቸውና ቅርጻቸው አንድ ነው፤ በአካላቸው ላይ የተቀረጸው የጦርነት ሥዕልም አንድ ነው። አንደኛው በእኛ ዘመን በጣልያን አገር የተሠራ ቅጂ ሲሆን በጥቂት መቶ ዶላር ይገዛል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1847 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የተሠራ ኮልት ዎከር ነው። የዚህ ዓይነት አንድ ሽጉጥ፣ ከነሣጥኑና ከነመሣሪያዎቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ 1 ሚሊዮን 840 ሺህ ዶላር ተሽጧል። ለመሆኑ አንዱን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? የሻጩ ቃል ብቻ ከሆነ ገዢው ምን ዋስትና አለው?

ጥያቄው የሀብታም ሰብሳቢዎች ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በየቤተ መዘክሩ የተቀመጡ፣ በየቤተሰቡም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፉ የጥንት መሣሪያዎች አሉ። «ይህ የዚያ ዘመን ነው» ስንል የምንመሰክረው ስለ ታሪክ ነውና ምስክርነታችን በማስረጃ ሊደገፍ ይገባል። ማስረጃውን ደግሞ የሚሰጡን ተማሪዎቻችን በየዕለቱ በክፍል ውስጥ የሚያገኟቸው ኬሚስትሪና ፊዚክስ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ በተለይ በዎከር ላይ አተኩረን እንዴት እንደሆነ ለማሳየት እንሞክራለን።

የስድስት ጎራሹ አወላለድ

ከሪቮልቨር በፊት የነበረው ተራ ሽጉጥ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና ባሩድና እርሳስ እስኪጎርስ ድረስ ከዱላ ብዙም አይሻልም ነበር። ይህን ችግር በፋብሪካ ሊመረት በሚችል መልክ የፈታው አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት (1814-1862) ሲሆን፣ በአገሩ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በየካቲት 25 ቀን 1836 ነው። አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከአፈሙዙ በስተኋላ በርካታ ጉድጓዶች ያሉት ሲሊንደር አለ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱን ባሩድና የራሱን እርሳስ ይጎርሳል። ተኳሹ መምቻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሲስብ ሲሊንደሩ በአንድ ጉድጓድ ልክ ይዞርና ከአፈሙዙ ጋር ተስተካክሎ ይቆለፋል። ከጉድጓዱ ጀርባ የምትደፋው ትንሽ የመዳብ ቆብ በመምቻው ስትመታ እሳት ትፈጥራለች።

ኮልት በኒው ጀርዚ ግዛት በፓተርሰን ከተማ ያቋቋመው የመጀመሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1842 ተዘጋ። እዚያ የተሠሩት ሽጉጦች ከሦስት ሺህ ያነሱ በመሆናቸው ዛሬ እነሱም ከብርቅዬዎቹ ይቆጠራሉ። ሰውየውን ከውድቀት ያነሣው የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት ነው። የቴክሳስ ጠባቂ የነበረውና በኋላ የሻምበልነት ማዕረግ የያዘው ሳሙኤል ዎከር የፓተርሰኑን ሽጉጥ በውጊያ ፈትኖት ነበርና ከእሱ የበለጠ ጉልበተኛ መሣሪያ እንዲሠራ ከኮልት ጋር ተመካከረ። መንግሥትም 1,000 ሽጉጦች አዘዘ። ኮልት በዚያን ጊዜ ፋብሪካ ስላልነበረው ሥራውን የጥጥ መዳመጫውን የፈለሰፈው የኢላይ ዊትኒ ልጅ በሆነው በታናሹ ዊትኒ ፋብሪካ አሠራ። ለሲቪል የሚሆኑ ተጨማሪ 100 ስለተሠሩ ጠቅላላው ቁጥር 1,100 ሆነ።

ዎከር ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የአፈሙዙ ርዝመትም 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ወታደሩ በወገቡ የሚታጠቀው ሳይሆን በፈረሱ ኮርቻ ላይ የሚያንጠለጥለው መሣሪያ ነበር። ሻምበል ዎከር ግን ብዙ አልተጠቀመበትም። በስሙ የተጠራው ሽጉጥ በእጁ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 9 ቀን 1847 ሁዋማንትላ በተባለው የሜክሲኮ ከተማ በተደረገ ውጊያ ሞተ።

ስለምን ይፈነዱ ነበር?

ከ1,100ዎቹ ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው ከ200 እንደማይበልጡ ይገመታል። ብዙዎቹ በጦርነቱ ጠፍተዋል፤ የማይናቅ ቁጥር ያላቸው ደግሞ በተኳሹ እጅ ላይ ፈንድተዋል። ይህ ጉዳይ ሽጉጡ ከተሠራበት ብረት ጋር የተያያዘ ስለሆነና ብረቱም ዛሬ ዋነኛው የእውነተኛነት ማስረጃ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት።

እያንዳንዱ የዎከር ጉድጓድ እስከ 60 ግሬን ማለትም ወደ 3.9 ግራም ጥቁር ባሩድ ይጎርሳል። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው የኮልት የወገብ ሽጉጥ የሚጎርሰው ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ ጋዝ አፍኖ የሚይዘው የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። የተሠራውም ዛሬ በምናውቀው አረብ ብረት ሳይሆን በቀድሞው ዘመን ቅጥቅጥ ብረት ነበር። ቅጥቅጥ ብረት በሚሠራበት ጊዜ ብረቱ ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም፤ እንደ ሊጥ የለሰለሰው ብረት እየተቀጠቀጠና እየተዳመጠ ነው የሚጠራው። በዚህ ምክንያት መስተዋት መሰል ዝቃጭ በውስጡ ይቀራል፤ ብረቱ ሲዳመጥም ዝቃጩ እንደ ክር ይረዝማል። እንጨት ወደ ቃጫው አቅጣጫ ሲጎተት ጠንካራ፣ ቃጫውን አቋርጦ ሲጎተት ግን ደካማ እንደሆነ ሁሉ ቅጥቅጥ ብረትም እንዲሁ ነው።

አሁን የፊዚክስ ተማሪዎች የሚያውቁትን አንድ ሕግ እናስታውስ። ስስ ግድግዳ ባለውና ሁለቱም ጫፎቹ በተዘጉ ቱቦ ውስጥ ግፊት ሲፈጠር፣ ግድግዳውን በዙሪያው አቅጣጫ የሚጎትተው ውጥረት በርዝመቱ አቅጣጫ ከሚጎትተው ሁለት እጥፍ ይሆናል። (በእሳት ላይ የፈነዳ ቋሊማ በርዝመቱ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።) የዎከር ጉድጓዶች የተቦረቦሩት በብረቱ ዘንግ ርዝመት አቅጣጫ ማለትም በዝቃጩ ክሮች አቅጣጫ ነበር። እንግዲህ ከፍተኛው ውጥረት የሚመጣው ክሮቹን አቋርጦ፣ ብረቱ በጣም ደካማ በሆነበት በኩል ነው። በግድግዳው ውስጥ አንድ ወፍራም የዝቃጭ ክር ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ። ኮልትም ስሕተቱን ፈጥኖ ተረድቶ በቀጣዩ ሞዴል፣ ድራጎን በተባለው ላይ፣ ሲሊንደሩን ከ62 ሚሊ ሜትር ወደ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ አሳጠረው፤ የባሩዱንም መጠን ወደ 50 ግሬን ቀነሰ።

እነዚህ ስድስት ሚሊ ሜትሮች ለሰብሳቢ ብዙ ዋጋ አላቸው። አጭበርባሪዎች አንዳንድ ጊዜ አዲስ ቅጂ ከማስረጀት ይልቅ እውነተኛ ድራጎን ገዝተው ወደ ዎከርነት ለመለወጥ ይሞክራሉ። ብረቱም፣ ዝገቱም፣ ዕድሜውም እውነተኛ ስለሆነ ይህ ከሁሉ የከፋው ማጭበርበር ነው። እዚህ ላይ ላቦራቶሪው ሳይሆን ተራው የሚሊ ሜትር መለኪያ ነው ቀድሞ የሚያጋልጠው።

ብርቅነት ከምን ይመጣል?

የተሠሩት ጥቂት መሆናቸው ብቻውን ዋጋ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 በአሜሪካ በተካሄደ ጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው ሽጉጥ በዓይነቱ ብርቅዬ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ ከ350 ሺህ በላይ ከተመረተው የኮልት ሞዴል አንዱ ነው። ዋጋውን የሰቀለው ሸሪፍ ፓት ጋሬት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 14 ቀን 1881 ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ታዋቂ ሽፍታ የገደለበት መሆኑ ነው። ያን ታሪክ የተሸከመው ደግሞ ብረቱ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተጻፈው ሰነድ ነው። በአንጻሩ ለማት የተባለው፣ ዘጠኝ ጥይት በሲሊንደሩ፣ አንድ የርሳስ ፍንጣሪ ጥይት ደግሞ በመሐል አፈሙዙ የሚጎርሰው እንግዳ ሽጉጥ በቅርጹ ብቻ ይታወቃል። በጠቅላላው ወደ 3,000 የሚጠጉ ተሠርተው በአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት ጊዜ በደቡቦቹ ዘንድ አገልግለዋል።

በእኛ አስተያየት ጀማሪ ሰብሳቢ ገንዘቡን በብረት ላይ ከማዋሉ በፊት በመጻሕፍትና በመዛግብት ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። የኮልት ኩባንያ የአንድን ሽጉጥ ተከታታይ ቁጥር ተቀብሎ ከፋብሪካው መቼና ለማን እንደተላከ ከመዝገቡ በደብዳቤ ያረጋግጣል፤ ነገር ግን የጥንቶቹ መዛግብት የተሟሉ አይደሉም። መዝገብ በጠፋበት ቦታ ነው እንግዲህ ሳይንስ የሚጠራው።

ብረቱን ያለ ጉዳት መመርመር

አንድን ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሽጉጥ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚፈቅድ ባለቤት አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ዘዴ ነው። መሣሪያው በእጅ የሚያዝና መጠኑም የእጅ መሰርሰሪያ የሚያህል ነው። ከመሣሪያው የሚወጣው ኤክስሬይ ከአቶሙ ውስጠኛ ምሕዋር አንድ ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ ከውጭኛው ምሕዋር ሌላ ኤሌክትሮን ክፍተቱን ለመሙላት ሲወርድ ልዩነቱን ኃይል እንደ አዲስ ኤክስሬይ ይለቃል። የዚህ ጨረር ኃይል ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው፤ ለብረት 6.40፣ ለማንጋኒዝ 5.90፣ ለክሮሚየም 5.41 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1913 ያገኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነበር። የሚያሳዝነው ሞዝሊ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ በጥይት ተመትቶ በ27 ዓመቱ መሞቱ ነው።

ታዲያ ምን ይፈለጋል? በቅጥቅጥ ብረት ውስጥ የማንጋኒዝ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። በዛሬው አረብ ብረት ውስጥ ግን ማንጋኒዝ ሆን ተብሎ ስለሚጨመር ግማሽ በመቶና ከዚያም በላይ ይሆናል። ክሮሚየም አንድ በመቶ ያህል ከታየ ደግሞ ክርክሩ ያበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1847 እንዲህ ያለ ቅይጥ ለሽጉጥ የሚያቀርብ ፋብሪካ አልነበረም።

ዘዴው ግን ሁሉን አይመልስም። የካርቦን ጨረር እጅግ ደካማ በመሆኑ በአየር ተውጦ ስለሚቀር ቅጥቅጥ ብረትን ከአረብ ብረት የሚለየውን ዋናውን ንጥረ ነገር መሣሪያው አያየውም። ከዚህም ሌላ ወደ ብረቱ ዘልቆ የሚያየው የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ በማይሞላ ጥልቀት ነው። በላዩ ላይ ቅባት፣ ዝገት ወይም ቀለም ካለ የሚነበበው እሱ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ የእንጨት እጀታውን ፈትቶ ከሥሩ የተደበቀውን ብረት ይለካል፤ ባለቤቱ ከፈቀደም በዚያው ስውር ቦታ ላይ የጣት ጥፍር የማታክል ነጥብ አለስልሶ የዝቃጩን ክሮች በማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ክሮቹ ከተገኙ ብረቱ የጥንት ነው። ሽጉጡ የጥንት ስለመሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ከአሮጌ የድልድይ ብረት አዲስ ሽጉጥ መሥራት ይቻላልና።

የተፋቀ ቁጥር የት ይሄዳል?

የዎከር ዋና ዋና ክፍሎች የሻምበሉን ፊደልና ተከታታይ ቁጥር ተመትተዋል፤ የሲቪሎቹ መቶ ሽጉጦች ከ1001 እስከ 1100 ተቆጥረዋል። በሁሉም ክፍሎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መገኘቱ ዋጋውን በእጅጉ ስለሚጨምር፣ የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ክፍሎች ገጣጥሞ ቁጥሩን መፋቅና አዲስ መምታት የቆየ ተንኮል ነው። በጣልያን የሚሠሩት ቅጂዎችም የአገሩ የመሣሪያ መፈተሻ ተቋም ማኅተም አለባቸው፤ አጭበርባሪው መጀመሪያ የሚፍቀውም ይህንኑ ነው።

ነገር ግን የተፋቀ ቁጥር ፈጽሞ አይጠፋም። የአረብ ብረት ማኅተም በመዶሻ ሲመታ ከሥሩ ያሉትን የብረት ክሪስታሎች ያጨማድዳል፤ በክሪስታሎቹ ውስጥ ዲስሎኬሽን የሚባሉት የአሰላለፍ ጉድለቶች ይበዛሉ። ይህ ጉዳት ዓይን ከሚያየው ጉድጓድ በታች ጥቂት ይወርዳል። ስለዚህ ላዩ ተፍቆ ቢለሰልስም የተጨማደደው ክፍል ከአካባቢው የተለየ ማግኔታዊ ጠባይ ይዞ ይቀራል። ብረቱ ማግኔት ሆኖ ደቃቅ የብረት ዱቄት የያዘ ዘይት ሲፈስበት ዱቄቱ በተጨማደደው መሥመር ላይ ይሰበሰብና ቁጥሩ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። የፖሊስ የፎረንሲክ ላቦራቶሪዎች ለወንጀል ምርመራ የሚጠቀሙበት ይኸው ዘዴ ነው። ዘዴው የማይሠራው ብረቱ እስኪቀላ ድረስ በእሳት ሲግል ነው፤ በዚያን ጊዜ ክሪስታሎቹ እንደ አዲስ ያድጋሉ፣ ትዝታቸውም ይጠፋል።

ቀለም፣ ዝገትና የማጽዳት አደጋ

የጥንት ሽጉጦች ሰማያዊ ጥቁር ቀለም በብሩሽ የተቀባ አይደለም። ብረቱ ራሱ በከሰል ምድጃ ውስጥ በልክ ሲግል ላዩ ማግኔታይት ወደተባለው ጥቁር ኦክሳይድ ይለወጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ፋብሪካዎች ብረቱን በፈላ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድና የናይትሬት ጨው ውስጥ መንከር ጀመሩ፤ ይህ ዘዴ ከ1930ዎቹ ወዲህ ተስፋፋ። የኋለኛው ቀለም ጠቆር ያለና በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ጉድጓድና ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። በ1847 ሽጉጥ ላይ ከተገኘ ቢያንስ ቀለሙ ታድሷል ማለት ነው።

የመልበስ ምልክትም አመክንዮ ሊኖረው ይገባል። እውነተኛ አሮጌ ሽጉጥ የሚያረጀው እጅና ማኅደሩ በሚነኩት ቦታ ነው፤ የአፈሙዙ ጫፍ፣ የሲሊንደሩ ጠርዝና የእጀታው ጎን ይለሰልሳሉ፣ ጥግ ጥጉ ግን ቀለሙን ይዞ ይቆያል። በአሲድ የተሰራ ዝገት ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል ይበላል።

በኮልት ሲሊንደሮች ላይ ያለው ሥዕል ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ሥዕሎቹን የነደፈው ዋተርማን ኦርምስቢ የባንክ ኖት ቀራጭ ነበር። ሥዕሉ በጠነከረ ተሽከርካሪ ማኅተም ሲሊንደሩ ላይ ተጭኖ ስለሚታተም ብረቱ አይቆረጥም፤ ይገፋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በእያንዳንዱ መሥመር ዳር የተገፋው ብረት ትንሽ ጠርዝ ሠርቶ ይገኛል። በእጅ መቅረጫ የተሠራ ሐሰተኛ ሥዕል ግን ብረቱ ተቆርጦ የወጣበት ስለታም ቦይ አለው፤ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰው ደግሞ ደብዛዛ ነው። እነዚህ መሥመሮች በጣም ስስ ናቸው። ሽጉጡን «ለማሳመር» በአሸዋ ወረቀት ያሻሸ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀለሙን፣ ሥዕሉንና የማኅተሙን ጠርዝ በአንድ ላይ ያጠፋል፤ ከእነሱም ጋር ከዋጋው አብዛኛውን።

በአገራችን ያለው ጉዳይ

አውሮፓውያን የሠሯቸው ሽጉጦች ወደ ኢትዮጵያ መግባት ከጀመሩ ቆይተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉት ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ እንደነበር ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በጣልያን ወረራዎች ጊዜ የተማረኩ ብዙ መሣሪያዎች በየአካባቢው ቀርተዋል። ከእነዚህ አንዱ የጣልያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቀበለው ቦዴዮ የተባለው ባለ 10.35 ሚሊ ሜትር ስድስት ጎራሽ ነው። ለተራ ወታደር የተሠራው ዓይነት ቃታው ወደ ፊት የሚታጠፍና መከለያ ቀለበት የሌለው ሲሆን የመኮንኖቹ ግን ቀለበት አለው።

ቦዴዮ በዓይነቱ ብርቅዬ አይደለም። በአድዋ የተማረከ መሆኑ የተረጋገጠ ቦዴዮ ግን ከላይ እንዳየነው እንደ ጋሬት ሽጉጥ ታሪክን የተሸከመ ነው። ችግሩ ይኸው ሞዴል ከአድዋ በኋላም ለረጅም ዘመን ሲመረት ቆይቶ በ1928 ዓ.ም. በተጀመረው ወረራ ጊዜም በጣልያኖች እጅ መገኘቱ ነው። ስለዚህ «የአድዋ ነው» ተብሎ በቤተሰብ የሚነገርለት ሽጉጥ ከአርባ ዓመት በኋላ ከአርበኞች ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ላይ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት ተመትቷል፤ ከ1896 በኋላ ያለ ዓመት ከተነበበ ሽጉጡ በአድዋ አልነበረም። ያም ቢሆን የአርበኛ አያት ሽጉጥ ማንነቱ በትክክል ሲታወቅ ክብሩ የሚቀንስ አይመስለንም።

ሕጉም መታወስ አለበት። የአሜሪካ የ1968 ሕግ እስከ 1898 የተሠሩትን መሣሪያዎች እንደ ጥንታዊ ዕቃ ለይቶ ይመለከታል፤ በእኛ አገር ግን የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ስለሆነ ፈቃድ ማስፈለጉን ሳያረጋግጡ መግዛትም ሆነ መያዝ ለእሥር ይዳርጋል።

አሮጌ ሽጉጥ በሣጥን ውስጥ ያገኘ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ እንደጎረሰ አድርጎ ይቁጠረው። ጥቁር ባሩድ የፖታስየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው፤ ሦስቱም በደረቅ ቦታ ሳይበላሹ መቶ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ቃታውን ሳይነካ ለሚመለከተው የጸጥታ አካል አሳውቆ በባለሙያ ማስፈተሽ ይኖርበታል። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም አይተኮስበትም፤ ምክንያቱን በዎከር ሲሊንደር አይተናል። በአሸዋ ወረቀትም አይታሽም። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥም መቀመጥ የለበትም፤ ቆዳ የሚለፋበት ታኒን አሲድ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላልና ማኅደሩ ለብቻው ይቀመጥ። የጣት ላብ ጨው ስላለው ብረቱ ከተነካ በኋላ በስስ ዘይት ይወልወል፤ የክፍሉም የአየር እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። የተመታውን ፊደል፣ ዓመትና ቁጥር ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሽጉጡ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ከነስማቸውና ከነቀኑ ጽፎ ከፎቶግራፉ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።